ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ
ስለ ሰርቨር መንታ ዲስኮችና ስለ አለዋወጣቸው
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

በሀገራችን ሁለት ሰዎች ገንዘብ ሲበዳደሩ ወይም ቤት ሲሻሻጡ ውሉ የሚጻፈው በአንድ ወረቀት ብቻ አይደለም። አንዱን ቅጂ ሻጩ፣ ሁለተኛውን ገዢው ይይዘዋል፤ ቢቻል ደግሞ ሦስተኛው በሽማግሌ እጅ ወይም በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ይህን የሚያደርጉት ወረቀት የሚቃጠል፣ የሚበሰብስ፣ አይጥም የሚበላው መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ የተነገረ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ዛሬ ግን የብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል። የተማሪው ማርክ፣ የበሽተኛው ካርድ፣ የነጋዴው ሒሳብ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባለው መኪና ውስጥ ነው። ሰርቨር ማለት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ መዝገብ ጠባቂ ሆኖ ቀንና ሌሊት የሚሠራ፣ ሲጠይቁት የሚሰጥ፣ ሲሰጡት የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር ማለት ነው። መዝገቡን የሚያኖርበት ክፍል ዲስክ ይባላል። ዲስኩም እንደ ወረቀቱ የሚጠፋበት ቀን አለው። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ዓላማ፣ ሁለት ዲስኮች እንደ መንታ ሆነው አንድን መዝገብ በጋራ ሲጠብቁ አንደኛው ቢታመም በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚለወጥ ማስረዳት ነው። በተለይም በዚያ ሰዓት የሰው እጅ የሚሠራው ስሕተት ከዲስኩ በሽታ የባሰ ጥፋት ሊያመጣ እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

በአየር ጤና የሆነ ነገር

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ ይህ ጸሐፊ በቅርብ የተመለከተውን ያወሳል። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ አየር ጤና በሚባለው ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን መጥራት ለትምህርቱ ስለማይጠቅም እንተወዋለን። በዚያ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከፋይል መደርደሪያው ጎን፣ አንድ ሰርቨር ተቀምጧል። የዐሥራ አንድ ዓመት ተማሪዎች ማርክ፣ የክፍያ ሒሳብና የመሸኛ ደብዳቤ ሁሉ በእርሱ ውስጥ ይገኛል። ሰርቨሩን የተከሉት ባለሙያ አስተዋይ ሰው ስለ ነበሩ መዝገቡን በአንድ ዲስክ ብቻ አላኖሩትም፤ እያንዳንዳቸው 4 ቴራ ባይት የሚይዙ ሁለት ዲስኮች አስገብተው አንዱ የሌላው መስተዋት እንዲሆን አጣመሯቸው።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ የተበላሸ ፕሪንተር ሊጠግን ወደዚያው ተጠርቶ መጣ። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ለጥንቃቄ ያህል የሰርቨሩን የጤና መግለጫ ቢከፍት፣ ከሁለቱ ዲስኮች አንደኛው ከሥራ ውጭ ከሆነ አራት ወር እንዳለፈው አየ። ሰርቨሩ ግን ዝም ብሎ አልቆየም ነበር፤ በየቀኑ የማስጠንቀቂያ ኢሜል ይልክ ነበር። ኢሜሉ ይደርስ የነበረው ግን ሥራውን ትቶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ለሄደ ሠራተኛ ነው። ማርክ መመዝገቡ፣ ደረሰኝ መቁረጡ ሁሉ እንደ ወትሮው ስለ ቀጠለ፣ መዝገቡ በአንድ እግሩ ቆሞ መክረሙን ከትምህርት ቤቱ ሰዎች አንድም ያወቀ አልነበረም።

ወጣቱም አዲስ ዲስክ ከመርካቶ ተገዝቶ ሲመጣለት የሰርቨሩን ክዳን ከፈተና ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ከላይ ያለውን ዲስክ ሊነቅል እጁን ዘረጋ። በዚህ ጊዜ ለብዙ ዘመን በመዝገብ ቤት ያገለገሉት ወይዘሮ፣

«ልጄ፣ የታመመው ይህኛው መሆኑን በምን አወቅህ?» ብለው ጠየቁት።

«እትዬ፣ መግለጫው አንደኛው ዲስክ ነው ይላል፤ አንደኛው ደግሞ ከላይ ያለው ነው» አላቸው።

«ከላይ ያለው አንደኛ መሆኑን ማን ነገረህ? መንታ የወለደች እናት እንኳ እንዳይምታቱባት በአንደኛው እጅ ላይ ክር ታስራለች» አሉት።

ወጣቱ እጁን መለሰ። የወይዘሮዋ ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ለመረዳት ግን አስቀድሞ ዲስክ ምን እንደሆነና መንታዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዲስክ እንዴት ይሠራል?

በተለመደው ዲስክ ውስጥ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቁ ክብ ሳሕኖች ተደራርበው ይገኛሉ። ሳሕኖቹ በማግኔት በሚጻፍበት ስስ ቅብ ተሸፍነዋል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ሳሕን ፊት ላይ የሚያነብና የሚጽፍ ጫፍ ያለው ቀጭን ክንድ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ጫፍ ሳሕኑን አለመንካቱ ነው። ሳሕኑ ሲሽከረከር በሚያስነሣው አየር ላይ ይንሳፈፋል። በጫፉና በሳሕኑ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ናኖሜትር ማለት አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ቢከፈል አንዱ ክፍል ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከብዙ ዐሥር ሺህ ናኖሜትር በላይ መሆኑን ስናስብ ክፍተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እንረዳለን። እንግዲህ ዲስኩ በሥራ ላይ እያለ ቢወድቅ ወይም በኀይል ቢነቀነቅ፣ ጫፉ ሳሕኑን ይፍቃል፤ የተፋቀውም ጽሑፍ አይመለስም።

የሰፈሩ ስም አየር ጤና መሆኑ ከነገራችን ጋር ይስማማል፤ የዲስክም ጤና በአየር ነውና። በአየር የሚሠሩትን ዲስኮች የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,048 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ እንዳይሠራባቸው ያስጠነቅቃሉ፤ አየሩ ሲሳሳ ጫፉን የሚያንሳፍፈው ኀይል ይቀንሳልና። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ብትሆንም አየር ጤና ከተባለው ወሰን በታች ስለ ሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። በእንጦጦ ራስ ላይ ግን፣ ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ስለሚደርስ፣ ወሰኑ ያልፋል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሒሊየም በሚባለው ቀላል ጋዝ ተሞልተው የታሸጉ ዲስኮች ለገበያ ስለ ቀረቡ ለእነዚህ የውጭው አየር መሳሳት ያን ያህል አያውካቸውም። ቢሆንም የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ እንደማያርቅ ማስታወስ ያሻል፤ ስለዚህ ሰርቨርን ከፋይል ክምር ኋላ ወይም ቡና በሚፈላበት ጥግ መወተፍ ዕድሜውን ማሳጠር ነው። የሚሽከረከር አካል የሌላቸው ኤስ ኤስ ዲ የሚባሉት አዲሶቹ ዲስኮችም ቢሆኑ በተጻፈባቸው ቁጥር እየደከሙ ስለሚሄዱ ከሞት ነጻ አይደሉም።

የመጀመሪያውን ባለ ሳሕን ዲስክ አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ አቀረበ። ራማክ ይባል የነበረው ይህ መኪና ስፋታቸው 61 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋ ነበር፤ ይይዝ የነበረው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ አንድ ዲስክ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ሲሆን የዚያን 800 ሺህ እጥፍ ያህል ይይዛል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚጠፋው ነገር መጠንም በዚያው ልክ ማደጉን መርሳት አይገባም። ቀድሞ አንድ ፋይል ቢጠፋ የጠፋው የአንድ ተማሪ ማርክ ነበር፤ ዛሬ አንድ ዲስክ ቢሞት የሚጠፋው የአንድ ትውልድ ማርክ ሊሆን ይችላል።

መንታዎቹ

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ማጣመር ነው። ታንደም የተባለ ኩባንያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለባንክና ለመሳሰሉት፣ ሥራቸው እንዲቋረጥ ለማይፈልጉ ድርጅቶች፣ አንዱ የሌላው መስተዋት የሆኑ ዲስኮች ያሏቸውን ኮምፒውተሮች ይሸጥ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌ፣ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ ሊቃውንት ባወጡት ጽሑፍ፣ ብዙ ርካሽ ዲስኮች ቢተባበሩ የአንድን ትልቅና ውድ ዲስክ ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ አስረዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ነው። ለአቀማመጡም ሬይድ የሚል ስም ሰጡት፤ የመስተዋቱ ዓይነት ሬይድ አንድ ተብሎ ይጠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መዝገብ ጸሐፊዋ አንድ ማርክ ባስገባች ቁጥር ሰርቨሩ ያንኑ ማርክ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይጽፋል። ማርኩ ሲፈለግ ከአንደኛው ያነባል። አንደኛው ዲስክ ሲሞት ሰርቨሩ እርሱን ከጉባኤው አስወጥቶ በቀረው ብቻ ሥራውን ይቀጥላል። በሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨር ይህን ሁኔታ በአጭር ምልክት ያሳያል፤ መንታዎቹ ጤነኞች ሲሆኑ «ዩ» የሚባለው የላቲን ፊደል ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያል፤ አንዱ ሲጎድል በቦታው ላይ አንድ ሰረዝ ብቻ ይቀራል። ያቺ ሰረዝ ትንሽ ናት፤ የምትናገረው ነገር ግን ትልቅ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መዝገቡ ሁለት ጠባቂ የለውም።

እዚህ ላይ የመስተዋትን ጥቅምና አደጋ አብረን ማየት አለብን። ጥቅሙ አንዱ ሲሞት ሥራ አለመቆሙ ነው። አደጋውም ይኸው ነው። ሥራ ስላልቆመ ማንም አይደነግጥም፤ ያልደነገጠም ሰው አይጠግንም። ስለዚህ መስተዋት የሚሰጠን ፋታ እንጂ ደኅንነት አይደለም፤ ፋታውን ሳንጠቀምበት ካለፈ ሁለት ዲስክ መግዛታችን ከንቱ ይሆናል።

በሽታው ከመጽናቱ በፊት ምልክት ሊያሳይ ይችላል። በዲስኩ ውስጥ ስማርት የሚባል የራሱን ጤና የሚመዘግብ ክፍል አለ፤ ሊነበቡ ያልቻሉትንና በሌላ የተተኩትን ቦታዎች ይቈጥራል። ጉግል የተባለው ኩባንያ ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን መርምሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በምርመራ ጊዜ የመጀመሪያ ስሕተት የታየበት ዲስክ በሚከተሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት ዲስክ 39 እጥፍ መሆኑን ገልጿል። ነገር ግን ያው ጥናት፣ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ የሚበልጡት ከአራቱ ዋና ዋና ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ እንደ ሞቱ ጨምሮ ያስረዳል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምልክት ከታየ ማመን፣ ካልታየ ግን አለመታመን ነው። ምልክት ሲታይ ሳይቃጠል በቅጠል መባሉ ተገቢ ነው፤ ዲስኩ ፈጽሞ ሳይሞት ቢለወጥ ይሻላል።

የአለዋወጡ ሥርዓት

አሁን ወደ አየር ጤናው መዝገብ ቤት እንመለስ። ወጣቱ እጁን ከመለሰ በኋላ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረ። እኛም በተራ እንከተለው።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዲስክ መንቀል ሳይሆን መዝገቡን መገልበጥ ነበር። አንድ ዲስክ ብቻ በቀረበት ሰዓት ማንኛውም ሌላ ሥራ ከመሠራቱ በፊት የመዝገቡ ቅጂ በሌላ የውጭ ዲስክ ላይ ሊወጣ ይገባል። ይህ ካልሆነ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ በገመድ ላይ እንደ መሄድ ነው። ዐርብ ማታ የተጀመረው ቅጂ ቅዳሜ ማለዳ አለቀ፤ ጥቂት ፋይሎችንም ከቅጂው ላይ ከፍቶ በትክክል መነበባቸውን አረጋገጠ።

ሁለተኛ፣ የታመመውን ከጤነኛው ለየ። በሁሉም ዲስክ ላይ በፋብሪካ የታተመ መለያ ቁጥር አለ፤ ሰርቨሩም ይህንኑ ቁጥር ከዲስኩ አንብቦ ሊያሳይ ይችላል። ዲስኮችን አንደኛና ሁለተኛ የሚያሰኛቸው የኬብሉ መሰኪያ ወይም ሰርቨሩ ሲነሣ ያገኛቸው ተራ ስለሆነ፣ ይህ ስም ሰርቨሩ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል። መለያ ቁጥር ግን አይለወጥም። ወጣቱ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ዲስክ ቁጥር ከሰርቨሩ አንብቦ በወረቀት ጻፈ፤ ሰርቨሩን በሥርዓት ዘግቶ፣ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ በዲስኮቹ ጀርባ የታተመውን አነበበ። ከላይ የነበረው ዲስክ ጤነኛው ነበር። የታመመው ከታች ያለው ነው።

ያን ዕለት ከላይ ያለው ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሰርቨሩ በሕይወት የነበረውን ብቸኛ ዲስክ አጥቶ ወዲያው ይቆም ነበር። የባሰው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የታመመ ዲስክ ሰርቨሩ ተዘግቶ ሲከፈት አንዳንድ ጊዜ እንደ ዳነ ሆኖ ይነሣል። በውስጡ ያለው መዝገብ ግን ከአራት ወር በፊት ከጉባኤው በወጣበት ቀን የቆመ ነው። ያ አሮጌ መዝገብ እንደ ትክክለኛ ተቈጥሮ፣ አዲሱ ዲስክም ከእርሱ እንዲገለበጥ ቢደረግ፣ ቀጥሎም ጤነኛው ዲስክ «የተበላሸው ይህ ነው» ተብሎ ቢደመሰስ፣ የአራት ወር ማርክ ያለ እሳትና ያለ ጎርፍ በጠጋኙ እጅ ይጠፋ ነበር። ዲስኩ የገደለው አንድ ቅጂ ነው፤ ሰው ግን ሁለቱንም ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛ፣ የታመመው ዲስክ ከመነቀሉ በፊት ከጉባኤው መውጣቱ በሰርቨሩ መታወቁ ሊረጋገጥ ይገባል። ዲስኩ ታሞ ገና ያልሞተ ከሆነ፣ «ይህ ዲስክ ወድቋል፤ አስወጣው» የሚለው ትእዛዝ ለሰርቨሩ አስቀድሞ ይሰጣል። ትላልቆቹ ሰርቨሮች እየሠሩ ሳሉ ዲስክ እንዲለወጥባቸው ሆነው ተሠርተዋል፤ የታመመውንም በመብራት ያመለክታሉ። እንደ ትምህርት ቤቱ ያለ ትንሽ ሰርቨር ግን ተዘግቶ ቢሠራበት ይሻላል፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ መቋረጥ ከዐሥራ አንድ ዓመት መዝገብ አይበልጥም።

አራተኛው ነገር የአዲሱ ዲስክ ምርጫ ነው። አዲሱ ከቀረው ዲስክ ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፤ በጥቂቱ እንኳ ቢያንስ ሰርቨሩ አይቀበለውም። ሁለቱን መንታዎች በአንድ ቀን ከአንድ ካርቶን አውጥቶ መግዛትም አይመከርም። በአንድ ፋብሪካ በአንድ ሳምንት የተሠሩ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እኩል የሠሩ፣ እኩል የሞቃቸው ዲስኮች በተቀራረበ ጊዜ ሊሞቱ ይችላሉ። አዲሱ ዲስክ ሰርቨሩን የማስነሣት ሥራም የሚኖረው ከሆነ፣ የማስነሻው ጽሑፍ በእርሱም ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተረሳ፣ አሮጌው ዲስክ በሞተ ቀን መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ አልነሣም ይላል።

አምስተኛው ትዕግሥት ነው። አዲሱ ዲስክ ከተጨመረ በኋላ ሰርቨሩ የቀረውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እያነበበ በአዲሱ ላይ ይገለብጣል። 4 ቴራ ባይት በሴኮንድ 150 ሜጋ ባይት ቢገለበጥ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከጥዋቱ በ4 ሰዓት የተጀመረው ግልበጣ ያለቀው ወደ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። ይህ ጊዜ ከሁሉም የሚያሰጋው ነው፤ ለዓመታት ያልተነበበ የዲስኩ ጥግ ሁሉ አሁን ይነበባል፤ ተደብቆ የኖረ ብልሽት ካለ የሚገለጠውም በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያስችል ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ሊኖር ይገባል፤ በዚያ ቀንም ሌላ ከባድ ሥራ ሰርቨሩ ላይ ባይጫን ይመረጣል። ከዚህም ሌላ መንታዎቹ ጤነኞች በሆኑበት ዘመን ሁሉ በወር አንድ ጊዜ ሁለቱንም ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የሚያመሳክር ምርመራ ማድረግ፣ የተደበቀውን ብልሽት አስቀድሞ ያጋልጣል።

በመጨረሻም ሁለቱ «ዩ» ፊደሎች ተመልሰው ሲታዩ አሮጌው ዲስክ እንዲሁ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይወረወርም። የተማሪዎች ስምና ማርክ ገና በውስጡ ሊነበብ ስለሚችል፣ መደምሰስ ወይም ሳሕኖቹን መስበር ይገባል።

መስተዋት መዝገብ ቤት አይደለም

ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ከተሠራ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። መስተዋት የቆመበትን ሰው መልካሙንም ክፉውንም ያሳያል። መዝገብ ጸሐፊዋ በስሕተት የአንድን ክፍል ማርክ ብትሰርዝ፣ ስረዛው በዚያችው ቅጽበት በሁለቱም ዲስክ ላይ ይፈጸማል። ፋይሎችን ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባም ሁለቱንም ይቈልፋቸዋል። ሌባ ሰርቨሩን ቢሰርቅ ሁለቱም በአንድ ማዳበሪያ ይሄዳሉ። እሳት ቢነሣም እንዲሁ ነው። መንታዎቹ በአንድ ቤት ይኖራሉና የቤቱን ዕጣ ይካፈላሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ፣ በሌላ ጊዜ የተወሰደና በሌላ ስፍራ የሚቀመጥ፣ የግድ ያስፈልጋል።

ሀገራችን ይህን ትምህርት ከኮምፒውተር በፊት በመጻሕፍቷ ተምራዋለች። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ፤ ከእነዚህም አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ሀገር ጻፉ። በብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ የመጣ የዚህ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ስለ ነበረ፣ አንዱ በ1865 ዓ.ም. ተመልሶ ተላከላቸው። በአንድ አምባ ላይ የተከማቸው ሁሉ በአንድ ቀን ሄደ፤ የተመለሰው ደግሞ ሁለት ቅጂ ከነበረው መጽሐፍ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ ሥራ ተጀመረ። በየገዳሙና በየአድባራቱ የነበሩ 9 ሺህ ያህል መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ አንዱ የፊልም ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት በዚያ ሆነው የብዙዎቹን መጻሕፍት ይዘት በዝርዝር መዘገቡ። ፊልሙ የብራናውን ያህል ክብር የለውም፤ ነገር ግን ከብራናው ርቆ በመኖሩ፣ ብራናው ላይ የሚደርሰው እሳትም ሆነ ዝርፊያ አይደርስበትም። ይህ የመስተዋት ሥራ አይደለም፤ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው።

የአየር ጤናው ትምህርት ቤትም ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሦስት ነገር አድርጓል። የሁለቱ ዲስኮች መለያ ቁጥር፣ ከላይ ያለው የትኛው፣ ከታች ያለው የትኛው እንደሆነ ተጽፎ በሰርቨሩ ክዳን ላይ ተለጥፏል፤ ይህም የወይዘሮዋ ክር ነው። የማስጠንቀቂያው ኢሜል ለአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለሦስት ሰዎች እንዲደርስ ተደርጓል፤ ከሦስቱ አንዷ ራሳቸው ወይዘሮዋ ናቸው። በየሳምንቱ ዐርብም የመዝገቡ ቅጂ በውጭ ዲስክ ተወስዶ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ በሌላ ሰፈር ይቀመጣል።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ከእናንተ መካከል የመሥሪያ ቤት ኀላፊ፣ የክሊኒክ ወይም የሱቅ ባለቤት የሆነ ሁሉ ዲስክ መለወጥን ራሱ መማር ላያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን ነገ ጥዋት ሠራተኛውን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ መንታዎቹ ዛሬ ሁለቱም በሕይወት አሉ ወይ? ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለማን ነው? ሦስተኛውስ ቅጂ የት ነው? መልሱ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል ብቻ ከሆነም አራተኛውን ጥያቄ ይጨምር፤ እርሱም በአየር ጤና የተጠየቀው ነው፤ በምን አወቅህ?